ማንደጃው የት ያድራል?

ሳምንታዊ የአድማጮች ትምህርታዊ ዝግጅት

[የመግቢያ ሙዚቃ፦ ዋሽንት። ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይወርድና ከንግግሩ ሥር ይቆያል]

አቅራቢ፦ በአምበርና በአነደድ ቀበሌዎች ሁሉ፣ በሉማሜ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ድረስ ሆናችሁ የምትከታተሉን አድማጮቻችን!

ህዳር ገብቷል። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ አጫጁ ላቡን እየጠረገ ነው። ማታ ግን ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ በሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ተነጥፎ ታዩታላችሁ። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብራል።

ለመሆኑ ዝናብ በሌለበት ወር ሌሊቱ ለምን እንዲህ ይበርዳል? በክረምት ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ስለሆነ ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ደመናው ያቆይላታል። ህዳር ላይ ሰማዩ ይጠራል። ያን ጊዜ መሬቱ ቀን የሞቀውን ማታ ወደ ላይ ይለቀዋል፤ የሚያስቀርለትም የለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጮቄ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ከፍታና ጥርት ያለ ሰማይ ሲገናኙ ውርጭ ይወርዳል። ይህ ብርድ ታህሳስንና ጥርን ይዞ ይዘልቃል።

[ሙዚቃው ይጠፋል]

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት ማታ ቤታችሁን ያሞቃችሁበት የከሰል ምድጃ፣ ያ ማንደጃ ወይም ፈርኔሎ የምትሉት፣ የት አደረ?

[ለአፍታ ጸጥታ]

በረንዳ ላይ ያደረ እሰዬው። አልጋው አጠገብ ያደረ ካለ ግን ዛሬ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ። የዛሬው ጉዳያችን የከሰል ምድጃን ለዚህ ብርድ ማዘጋጀት ነው። ስናዘጋጀው ደግሞ አንድ ሐሳብ ከፊታችን አይጥፋ፦ ማንደጃው ማታ ያሞቀናል፤ ስንተኛ ግን ውጭ ያድራል። ደግሜ ልበለው፤ ስንተኛ ማንደጃው ውጭ ያድራል።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ አሁን አንዳንድ እናቶች እንዲህ ሲሉ ይሰማኛል፦ «እኛ ያደግነው እሳት ዳፍነን ነው። እናታችን ማታ ፍሙን በአመድ ትዳፍነው ነበር፤ ጠዋት ገለጥ አድርጋ ታቀጣጥለዋለች። ማን ሞተ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እናቶቻችን አላዋቂዎች ሆነው አይደለም እንዲያ ያደረጉት። ክብሪት በማይገኝበት ዘመን እሳት ማሳደር ትልቅ ሙያ ነበር። የተለወጠው ቤቱ ነው።

የድሮውን ጎጆ አስታውሱት። ክዳኑ ሣር ነው። ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም ክዳኑና ግድግዳው በሚገናኙበት ዙሪያውን ንፋስ ያልፋል። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ስታዩ ጥቀርሻ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ያ ጥቀርሻ ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየሾለከ ሲወጣ የተወው ምልክት ነው። ቤቱ ይተነፍስ ነበር። በእርግጥ ያም ጭስ ዓይንና ሳንባ ጎድቷል፤ የእናቶቻችን ዓይን ይመሰክራል። ነገር ግን በአንድ ሌሊት ቤተሰብ አይፈጅም ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ በአምበርም በማርቆስም የምንሠራው ቤት ቆርቆሮ ክዳን፣ ከሥሩ ኮርኒስ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በሩ ብረት ነው። የሚከራዩት ክፍሎች ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መስኮት እንኳ የላቸውም። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ በበሩ ሥር ጨርቅ እንወትፋለን፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በፌስታል እንደፍናለን። ያ ቤት አይተነፍስም። በማይተነፍስ ቤት ውስጥ የቆየውን ልማድ ስንደግም ነው አደጋው የሚመጣው።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ አደጋው ምንድን ነው? ከከሰል የሚወጣ አንድ ጋዝ አለ። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ስሙን ባትይዙት ግድ የለም፤ ጠባዩን ግን ያዙልኝ። አይታይም። አይሸትም። ዓይን አያቃጥልም፤ አያስነጥስም። የእንጨት ጭስ ሲበዛብን አስለቅሶና አስስሎ ከቤት ያስወጣናል። ይህኛው ምንም ምልክት ሳይሰጥ እንቅልፋም ያደርገናል።

እንዴት ነው የሚፈጠረው? ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ በደንብ ይነድዳል። ከፍሙ ሥርና መካከል ግን አየሩ ያልቃል። በዚያ የሚወጣው ይህ ጋዝ ነው። ማንደጃ ሲቀጣጠል ከፍሙ ላይ ሽው ሽው የሚል ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ አታውቁም? ያ ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ራሱ ሲነድድ ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ «አሁን ጭሱ አለቀ፣ ንጹሕ ሆነ» እንላለን። ጋዙ ግን አላለቀም። አሁን ሳይነድድ በቀጥታ ወደ ቤቱ አየር እየገባ ነው። በአመድ ስንዳፍነው ደግሞ አየሩን ጨርሰን ስለምንከለክለው ይብስበታል።

ስለዚህ «ጭስ የለውም፤ ፍም ብቻ ነው» የሚለው ቃል እጅግ አታላይ ነው። ጭስ የሌለው ፍምም ይህን ጋዝ ያወጣል። ሁለተኛ ልበለው፦ ቀልቶ፣ ጭሱን ጨርሶ የተቀመጠ ፍምም ይገድላል።

ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? ደማችን ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ አንጎልና ወደ ልብ ያደርሳል። ይህ ጋዝ ሲመጣ በአውቶቡስ የሌላውን ወንበር ይዞ አልነሣም እንዳለ ሰው የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ደማችንን አጥብቆ የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ስንተነፍሰው እየተጠራቀመ ይሄዳል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል። ከዚያ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። ተኝተን ከሆነ ይህን ሁሉ ሳናውቀው ያልፈናል። ብንነቃም እግራችን በሩ ድረስ ላያደርሰን ይችላል።

«ውሃ በሳህን አድርጌ አጠገቡ አስቀምጣለሁ» ለምትሉ፦ ውሃ ይህን ጋዝ አይወስደውም። ጨው መበተንም፣ እጣን ማጨስም አይወስደውም። ከቤት የሚያስወጣው አየር ብቻ ነው።

[የበር መንኳኳት ድምፅ። የጭውውት መግቢያ ሙዚቃ፤ ወዲያው ይወርዳል]

አቅራቢ፦ አሁን አጭር ጭውውት እናስደምጣችሁ። ገጠር ያለች እናት በገበያ ቀን ስንቅ ይዛ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጇን ልትጠይቅ መጥታለች።

እናት፦ ምነው ፊትሽ ገረጣ ልጄ? ሰውነትሽም ከስቷል።

ልጅ፦ ደህና ነኝ እማዬ። ራሴን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

እናት፦ መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?

ልጅ፦ ጠዋት ስነሣ። ትምህርት ቤት ስደርስ ይተወኛል።

እናት፦ አብረውሽ የሚያድሩትስ?

ልጅ፦ እነሱንም ያማቸዋል። ጉንፋን ነው ብለናል።

እናት፦ ጉንፋን ትምህርት ቤት ሲደርሱ ይተዋል እንዴ? ማታ እሳት ታነዳላችሁ?

ልጅ፦ ወጥ የሠራንበት ፍም ሲተርፍ አልጋው አጠገብ እናስጠጋዋለን። ጭስ የለውም እኮ እማዬ! በሩ ሥር ጨርቅ እንወትፍና ሞቅ ብሎን እንተኛለን።

እናት፦ በይ ከዛሬ ጀምሮ ያ ማንደጃ ውጭ ይደር። ጋቢዬን ትቼልሽ እሄዳለሁ።

ልጅ፦ አንቺስ መንገድ ላይ አይበርድሽም?

እናት፦ እኔ እየሄድኩ እሞቃለሁ። ጨርቁንም ከበሩ ሥር አንሺልኝ።

[ሙዚቃ፤ ይወርዳል]

አቅራቢ፦ ይህች እናት ያነሣችውን ጥያቄ ልብ ብላችኋል? «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ? አብረውሽ የሚያድሩትስ?» ትልቁ መለያ ይኸው ነው። አንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ሁሉ ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ከቤት ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ከምግቡና ከጉንፋኑ በፊት ማንደጃውን ጠርጥሩ። ቤት ውስጥ የሚያድሩ ዶሮዎች ካሉ እነሱንም እዩ፤ ጠዋት ደንዝዘው ከተገኙ እናንተም ያንኑ አየር ስትተነፍሱ አድራችኋል።

በየገጠሩ ቀበሌ ያላችሁ ወላጆች! ልጆቻችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ስንቅ ሊወስዱ ሲመጡ ድርቆሹንና በሶውን ስታስይዙ ይህን ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁልኝ።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ማንደጃው እንምጣ። መቼ እናዘጋጀው? እኔ የምመርጠው ህዳር 12ን ነው። ህዳር ሲታጠን ቤቱና ግቢው ተጠርጎ ጥራጊው ይቃጠላል። ልማዱ ከ1911ዱ የህዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከጥንትም የጤና ቀን ነው ማለት ነው። በዚያን ቀን መጥረጊያው እጃችሁ ላይ እያለ ማንደጃውንም ወደ ፀሐይ አውጡት።

መጀመሪያ ገልብጣችሁ አራግፉት። አመድ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በሽቦ ይጠረጉ። ቀዳዳው በአመድና በከሰል ድቃቂ ከተደፈነ ከታች አየር አይገባም፤ አየር ካልገባ ደግሞ ያ መርዘኛ ጋዝ ይበዛል። ከታች ያለችው የአየር በር የምትከፈትና የምትዘጋ መሆኗንም እዩ። ዝጋ ካለባት በአሸዋ ፈትጉት።

ቀጥሎ ሸክላው። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ላቀች ነው፤ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ያለው። ላቀች በኬንያው ሸክላ ማንደጃ አርአያ ተሠርቶ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ወደ ገበያችን ገባ። ከድሮው ባዶ ቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፤ ሙቀቱንም ያቆያል። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ከሰል የሚቆጥብ ማንደጃ ሁሉ ጋዝ አያወጣም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ላቀችም ቢሆን ማታ ውጭ ያድራል።

ሸክላው በቀጭኑ ከተሰነጠቀ ይጠገናል። የሸክላ አፈር ላይ የተነፋ አመድና በደቃቁ የተከተፈ ጭድ ጨምራችሁ አቡኩት። ጭድ ከሌለበት ጭቃው ሲደርቅ መልሶ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በውሃ አርጥቡና ምረጉት። ጥላ ላይ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተጣደፈ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ቀን ትንሽ እሳት ብቻ። ሸክላው ለሁለት ከተከፈለ ግን አትድከሙ፤ ፍሙ ቆርቆሮውን በስቶ ይወጣል፤ ይለወጥ።

እግሮቹስ? መሬት ላይ አስቀምጣችሁ በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ከተንገዳገደ ሕፃን የነካው ቀን ይገለበጣል። እሳት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ልጆችን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ እጀታው። ማንደጃው ማታ ውጭ ማደር አለበት ካልን ሰው ሊሸከመው ይገባል። እጀታው የተነቀለ፣ አንዱ ብቻ የቀረ፣ ወይም የሚያቃጥል ማንደጃ ማታ ማንም አያወጣውም፤ «ይሁን ዛሬ እዚያው ይደር» ይባላል። ብዙ አደጋ የሚጀምረው በዚያች ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሁለቱም እጀታዎች በደንብ ይታሰሩ፤ መያዣቸው እንጨት ይሁን። ብረት ሠሪው ጋ ስትወስዱት ከምንም በፊት እጀታውን አሠሩ።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ ከሰሉስ? የእኛ አካባቢ ገበያ ላይ ከአዊ በኩል የሚመጣ፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ከሰል አለ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንሱን በማሳው ላይ ይተክላል፤ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መልሶም ያርሰዋል። የባህር ዛፍ ከሰልም አለ። የየትኛውም ይሁን ስትገዙ አንዱን አንሥታችሁ ከሌላው ጋር አጋጩት። የበሰለ ከሰል ቅጭል ይላል፤ ሲሰበር ውስጡ ያብረቀርቃል። ቡናማ ሆኖ ክብደት ያለው፣ እንጨትነቱ ያለቀቀው ጥሬ ነው። እሱ ሲነድድ ይጨሳል፤ ለቅማችሁ አውጡት።

እርጥብ ከሰልም እንዲሁ ነው፤ ሲጨስ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይቀላም። ማዳበሪያውን ባዶ መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ይደርደርለት። ከማዳበሪያው ሥር የሚተርፈው ድቃቂ ማንደጃ ላይ አይደፋ፤ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ለጥንቃቄ አንድ ነገር ልጨምር፦ ለፋብሪካ የሚመጣ ድንጋይ ከሰል አለ። መንገድ ላይ ወድቆ ብታገኙት ለማንደጃ አይሆንም። ጭሱ ሌላ ነው፤ ድኝ አለበት።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ እሺ፣ ማንደጃው ተጠግኗል፤ ከሰሉም ደርቋል። ማታው እንዴት ይሁን? ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ብርዱ ሳይወርድ፣ ደጅ ላይ ይቀጣጠል። ደጅ ላይ! በጭራሮ፣ በደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ወይም በበቆሎ ቆረቆንዳ። በፌስታል አይቀጣጠል፤ የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ ሽታው ምግቡ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ማርከፍከፍማ ፊት ያቃጥላል።

ከላይ ያለው ከሰል ሁሉ ቀልቶ ጭሱን ሲጨርስ ወደ ቤት ይግባ። ያን ጊዜም ጋዙ አይጠፋም። ስለዚህ ማንደጃው ቤት ውስጥ ባለበት ሰዓት ሁሉ አየር መግቢያና መውጫ ይኑር። በሩ ከሥሩ ትንሽ ከፈት ይበል፤ ከላይ ደግሞ መስኮት ወይም በጣሪያው ሥር ያለ ቀዳዳ። አንዱ ብቻ አይበቃም፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ።

«ታዲያ ሙቀቱ ሊወጣብን አይደል?» ትላላችሁ። ትንሽ ይወጣል፤ እውነት ነው። ለዚህ ብዬ ነው ቀደም ብላችሁ አንድዱ የምለው። ቡና ተፈልቶ፣ ራት ተበልቶ፣ ልጆች ትምህርታቸውን እስኪያጠኑ ድረስ ግድግዳውም መደቡም ይሞቃል። ማንደጃው ከወጣ በኋላ ያ ሙቀት ቶሎ አይጠፋም።

መስኮት የሌለው፣ አንድ የብረት በር ብቻ ያለው ክፍል ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አታንድዱ። ሌላ ምክር የለኝም። ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ፤ ከበሩ በላይ ሁለት ብሎኬት አንሥታችሁ በወንፊት ሽቦ ብትዘጉት ወጪው ትንሽ ነው፤ ከእናንተ የተከራየው የሰው ልጅ ነው።

ለመተኛት ስትሉ፣ ማታ 3 ሰዓትም ይሁን 4፣ ማንደጃው ይወጣል። የሚያወጣው ትልቅ ሰው ይሁን። መንገዱ ላይ ያለው በርጩማና ጫማ ይነሣ። የለበሳችሁት ነጠላ ወይም ጋቢ ጫፉ ይሰብሰብ፤ ተንጠልጥሎ ፍም ይነካል። የሚቀመጥበት ቦታ ቀን የተዘጋጀ ይሁን፦ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከገለባና ከጭድ ክምር የራቀ። የመኝታ መስኮት ሥርም አይሁን፤ ጋዙ ተመልሶ ይገባል።

ብዙ ሰው ማንደጃውን ቤት የሚያሳድረው ለፍሙ ሳስቶ ነው። ከሰል ውድ ነው፤ ይገባኛል። መፍትሔ አለው። ክዳኑ የሚገጥም አሮጌ ብረድስት ወይም የብረት ባልዲ ደጅ ይኑር። የተረፈውን ፍም በመቆንጠጫ ወደዚያ አግቡና ክደኑት። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ጠዋት ከሰላችሁን እንዳለ ታገኙታላችሁ፤ ለነገ ቡና ይሆናል። ገንዘቡም አልጠፋ፤ ሰውም አልተጎዳ።

እና ማንደጃው የት ያድራል?

[ለአፍታ ጸጥታ]

አዎ፤ ውጭ።

[ሙዚቃ፦ ዋሽንት፤ አጭር]

አቅራቢ፦ ሌሊቱንስ በምን እንሞቃለን? ማንደጃው ሳይወጣ በፊት ውሃ አሙቁበት። ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ጨምሩት፤ የፈላ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ክዳኑን አጥብቃችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና እግር ሥር አድርጉት። አልጋው ቀድሞ ይሞቃል። ድንጋይ አሙቆ በጨርቅ መጠቅለልም ይሆናል፤ ከወንዝ የመጣ እርጥብ ድንጋይ ግን እሳት ላይ ይፈነዳልና ደረቁን ምረጡ።

ብርዱ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ከሥር የሚመጣው ይብሳል። በላያችሁ ሁለት ጋቢ ከመደረብ አንዱን ከሥራችሁ ማንጠፍ ይሻላል። መደቡ ላይ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ቁርበት ወይም የጭድ ፍራሽ ይነጠፍ። ራስም ይሸፈን። በርኖስ ያላችሁ ደግሞ የጮቄ እረኛ ሌሊቱን የሚያነጋበትን ታውቁታላችሁ።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ አሁን ስለ አራስ ቤት። ድምፄን ዝግ አድርጌ የምናገረው ለአያቶችና ለአዋላጆች ነው። አራስ ብርድ እንዳይመታት ብላችሁ በሩን ትዘጋላችሁ፤ መጋረጃ ትጋርዳላችሁ፤ ማንደጃ አስጠግታችሁ ታሳድራላችሁ። ከፍቅር ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን የአራስ ልጅ ትንፋሽ ፈጣን ነው፤ ከእኛ ቀድሞ ይመረዛል። ራሴን አመመኝ ማለት አይችልም። እናቱም ደም ፈሷት የደከመች ናት። ነፍሰ ጡር ሴት ስትተነፍሰውም ጋዙ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የፅንሱ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

ሕፃኑን የሚያሞቀው የእናቱ ገላ ነው። ደረቷ ላይ፣ ቆዳው ቆዳዋን ነክቶ፣ ራሱ ተሸፍኖ፣ ከላይ ጋቢ ይደረብባቸው። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ታሳያችኋለች። ገንፎው ደጅ ወይም ማድቤት ይገንፋ፤ አራሷ ዘንድ ትኩሱ ይግባ፤ ማንደጃው አይግባ።

[አጭር የክራር ድምፅ]

አቅራቢ፦ ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ብዙ ሕዝብ በድንጋይ ከሰል ምድጃ ነው የሚሞቀው። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት የከተማው አየር ስለተበከለ ጥሬውን ድንጋይ ከሰል ከልክሎ በተጨመቀ ከሰል ተካው። ጭሱ ቀነሰ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ በዚሁ በማይታየው ጋዝ ብዙ ሰው ተመረዘ፤ የሞቱም ነበሩ። ጭስ ሲቀንስ መርዙ የቀነሰ መስሎ መታየቱ እዚያም አለ። የእነሱ ምድጃ ደግሞ በጣሪያ የሚወጣ የጭስ ማውጫ አለው፤ ብርዱ ሳይገባ ይጠርጉታል። የእኛ ማንደጃ ጭስ ማውጫ ጭራሹን የለውም። የጭስ ማውጫው በሩና መስኮቱ ነው። ማታ እነሱን ስንዘጋ የዘጋነው ጭስ ማውጫውን ነው።

[ሙዚቃ ይቆማል። ድምፅ ጠንከር ይላል]

አቅራቢ፦ አንድ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ጎረቤት ቤት ስትደርሱ ሰው ወድቆ ብታገኙስ? ስሙኝ።

በሩንና መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ። እዚያ ቆማችሁ አትርዱ፤ እናንተም ትወድቃላችሁ። ሰውየውን ጎትታችሁ ወደ ደጅ አውጡ፤ ቢበርድም ደጅ ይሻላል። ልብሱን ፈታ አድርጉና በጎኑ አስተኙት፤ ካስመለሰው እንዳይታነቅ። ወተት፣ ውሃ፣ አረቄ በአፉ አትጨምሩ፤ ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ አይችልም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ትንፋሹ ከቆመና የምታውቁ ካላችሁ በአፍ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በፍጥነት። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ ያ ደግሞ እዚያ ነው ያለው።

ለባለሙያው በመጀመሪያ የምትነግሩት ቃል «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» የሚለው ይሁን። ካልነገራችሁት ወባ ወይም የምግብ መመረዝ ሊመስል ይችላል። ነቅቶ የተሻለው ሰውም ይታይ፤ ቤት ውስጥ የነበረ ሁሉ ይታይ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል]

አቅራቢ፦ ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ቀጠሮ አለን። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ያድራሉ፤ ካህናቱ፣ ዲያቆናቱ፣ ወጣቶቹ በድንኳን ያድራሉ። ብርድ ከሚበረታባቸው ሌሊቶች አንዱ ነው። ድንኳን ጨርቅ ስለሆነ አየር ያለው ይመስላል፤ ሸራው ግን ጠል ሲጠጣ ይደፈናል። ማንደጃ ወደ ድንኳኑ አይግባ። እሳቱ ደጅ ይንደድ፤ ዙሪያውን ቆማችሁ ሙቁ፤ ለመተኛት ስትገቡ ጋቢያችሁን ይዛችሁ ግቡ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፣ ድንኳን ስትተክሉ ይህን ለሁሉም አስቀድማችሁ ንገሩልን።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ እንጨት ምድጃ፣ ምርጥ ስለሚባለው የእንጀራ ምድጃና ስለ ማድቤት ጭስ እንነጋገራለን።

[ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ይጠፋል]